ተተኪ ማፍራት እንደ አመራር፦ የወጣት መሪዎች ቅብብል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤቶች

መግቢያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ከሚገኙ አካላት መካከል ሰንበት ትምህርት ቤትን ልዩ የሚያደርገው ዕለታዊ ሥራው በአብዛኛው በራሳቸው በወጣቶች የሚከናወን መሆኑ ነው። ሕፃናትን በዕድሜ ከፍለው የሚያስተምሩት፣ መዝሙር የሚያስጠኑት፣ የአባላትን መዝገብ የሚይዙት፣ የበዓላትን መርሐ ግብር የሚያዘጋጁት፣ መዋጮ የሚሰበስቡትና ሒሳብ የሚያወራርዱት ብዙውን ጊዜ ሃያዎቹን ያላለፉ ወጣቶች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። ከፊሎቹ ገና በትምህርት ላይ ያሉ፣ ከፊሎቹም ሥራ የጀመሩ ናቸው። በአጥቢያው ያደገ ሕፃን ከቤተሰቡ ውጪ ስለ እምነቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰው ካህኑ ሳይሆን ከእርሱ ዐሥር ዓመት የሚበልጥ አንድ ወጣት መሆኑ የተለመደ ነው።

ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቶች በሚደረጉ ውይይቶች ሁለት ጥያቄዎች ጎልተው ይሰማሉ፤ ልጆቹ ምን ይማሩ የሚለውና ማን ያስተምራቸው የሚለው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱንም የሚያንጠለጥል ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዛሬ የሚመሩትና የሚያስተምሩት ሲሄዱ ማን ይተካቸዋል የሚለው ነው። መሪዎቹ መሄዳቸው አይቀርም፤ የዕድሜ ገደብ አለባቸው፤ ከዚያም በፊት ትምህርት፣ ሥራና ትዳር ይወስዳቸዋል። ተተኪ ባልተዘጋጀበት አጥቢያ አንድ ጠንካራ ሰብሳቢ ሲለቅ የመዝሙሩ ደብተር፣ የሕፃናቱ ስም ዝርዝርና የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር፣ የአዳራሹ ቁልፍ ሳይቀር አብሮት ይጠፋል። ልጆቹም ጥቂት ሰንበታት መጥተው አስተማሪ ሲያጡ ይበተናሉ።

ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመነጭና መፍትሔው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚችል ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪ ዋና ተግባር ተተኪውን ማፍራት ነው፤ ይህ ተግባር የሚሳካውም አገልግሎትን መጀመር ብቻ ሳይሆን አስረክቦ መውጣትም የሚከበርበት ልማድ ሲኖር ነው። ይህ ልማድ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤቶቿ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

1. ሰንበት ትምህርት ቤት ከየት መጣ?

ሰንበት ትምህርት ቤት የሚለው ስያሜ በዓለም ላይ ከእንግሊዛዊው የጋዜጣ አሳታሚ ከሮበርት ሬይክስ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሬይክስ በ1780 እ.ኤ.አ. በግሎስተር ከተማ የጀመረው ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ለሚደክሙ የድኻ ልጆች እሑድ ንባብና የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጥበት ነበር። አሠራሩ ከፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አልፎ ወደ ምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያንም ደረሰ።

በኢትዮጵያ የነበረው መነሻ ግን የተለየ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ልጅ በየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ፣ ዳዊት ደግሞ ያድግ ነበር፤ የንባብ ትምህርትና የሃይማኖት ትምህርት የተለያዩ አልነበሩም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲስፋፋ የከተማ ልጆች ሳምንቱን በሌላ ክፍል፣ በሌላ መምህር ፊት ማሳለፍ ጀመሩ። በዚህ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት የቀረው ዕለት ሰንበት ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሰንበት ትምህርት ቤት የተወለደው ለሠራተኛ ሕፃናት ንባብ ለማስተማር ሳይሆን ማንበብን በሌላ ቦታ ለተማሩ ልጆች ከየኔታ ዘንድ ያላገኙትን ለመስጠት ነው ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ በምስካየ ኅዙናን መድኃኔ ዓለም ገዳም የተቋቋመው «ተምሮ ማስተማር» ከቀደምቶቹ መካከል ይጠቀሳል። ስሙ ራሱ የአሠራሩ ማብራሪያ ነው፤ ተማሪው የተማረውን ይዞ የሚቀመጥ ሳይሆን ለሌላው የሚያስተላልፍ ነው። በከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ዘንድ ደግሞ «ሃይማኖተ አበው» የተሰኘው ማኅበር ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶችን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ለማገናኘት ሠርቷል። በ1965 ዓ.ም. የወጣውና ከዚያ በኋላ በተለያዩ ጊዜያት የተሻሻለው ቃለ ዓዋዲ አጥቢያዎችን በሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ሲያደራጅ ሰንበት ትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያኒቱ መዋቅር ውስጥ ሕጋዊ ሥፍራ እያገኘ መጣ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የነበሩት ዓመታት ለወጣት ማኅበራት አስቸጋሪ ነበሩ። የቀበሌ ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ እሑድ ጠዋት ይጠሩ ነበር፤ ወጣቶች ተሰብስበው መታየታቸውም በራሱ ጥርጣሬ ያስነሣ ነበር። በዚያ ዘመን ሰንበት ትምህርት ቤቶች የቀጠሉት በትልልቅ ጉባኤያት ሳይሆን በጥቂት ሰዎች ትዕግሥት ነው።

2. የመሪው ሥፍራ፦ በካህናትና በልጆች መካከል

የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ በሁለት ወገን የተያዘ ነው። ከላይ የአጥቢያው አስተዳዳሪ፣ ካህናቱና ሰበካ ጉባኤው አሉ። ከታች ሕፃናቱና ማዕከላውያኑ፣ ከእነርሱም ጀርባ ወላጆቻቸው አሉ። ሰብሳቢው ካህን አይደለም፤ ሥልጣነ ክህነት ስለሌለው በትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ ሲነሣ የመጨረሻው ቃል የእርሱ አይደለም። ነገር ግን ዕለታዊ ውሳኔ የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚያስተምር፣ የትኛው መዝሙር ለበዓሉ እንደሚጠና፣ ለጉዞ የተሰበሰበው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ይወስናል። በቃለ ዓዋዲው መሠረት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወኪል በሰበካ ጉባኤው አስተዳደር ውስጥ ስለሚቀመጥ በአጥቢያው ጉዳይ ላይም ድምፅ አለው። አባቱ ሊሆኑ በሚችሉ ሽማግሌዎች መካከል የተቀመጠ የ24 ዓመት ወጣት ስለ ሒሳብ መጠየቅ ሲኖርበት የሚገጥመውን ጭንቀት መገመት አያዳግትም። ብሎም ጥያቄው ከአክብሮት ማጣት ተቆጥሮበት ከአስተዳደሩ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ።

ሮጀር ሃርት በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል። ታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች፣ ማለትም ልጆችን ለሌላ ዓላማ መጠቀም፣ ለጌጥ ማሰለፍና ለይስሙላ ማስቀመጥ፣ ተሳትፎ ይመስላሉ እንጂ ተሳትፎ አይደሉም። ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎች ወጣቱ የሚያደርገውን ዐውቆ፣ ተማክሮና ተካፍሎ የሚወስንባቸው ናቸው። ይህ መሰላል ለሰንበት ትምህርት ቤት ጠቃሚ መለኪያ ይሆናል። በንግሥ በዓል የደንብ ልብስ ለብሰው ወጥተው የሚዘምሩ ወጣቶች ለዓይን ያምራሉ። ሆኖም መዝሙሩን የመረጠው ማን ነው? ልምምዱን የመራው ማን ነው? ከበዓሉ በኋላ የተሰናከለውን የገመገመውስ ማን ነው? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ ሌሎቹ ከታችኞቹ ደረጃዎች አልወጡም። ያ አንድ ሰው ሲሄድም ለመተካት የተዘጋጀ አይገኝም።

3. አመራሩ ለምን ይመናመናል?

የሰንበት ትምህርት ቤት አመራር በፍጥነት የሚለዋወጥባቸው ምክንያቶች ከፊሎቹ ከውጪ፣ ከፊሎቹ ከውስጥ ናቸው።

የመጀመሪያው የዕድሜ ገደቡ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ አሠራር የሰንበት ትምህርት ቤት አባልነት እስከ 30 ዓመት ነው። ገደቡ ተገቢ ምክንያት አለው፤ ቤቱ የወጣቶች ሆኖ እንዲቆይ፣ ጎልማሶችም ወደ ሰበካ ጉባኤና ወደ ሌሎች መንፈሳዊ ማኅበራት እንዲሸጋገሩ ያደርጋል። ነገር ግን አንድ ሰው ለኃላፊነት የሚበስለው በ20ዎቹ አጋማሽ ከሆነ የሚያገለግልበት ዘመን ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የከፍተኛ ትምህርት ምደባ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናውን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ከተወለደበት ርቆ ይመደባል። ይህ ለአገሪቱ የትምህርት ዕድል መስፋፋት ነው፤ ለአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገው ልጅ ረዳት መምህር ለመሆን በደረሰበት ዓመት ይለየዋል ማለት ነው። ልጁ በሄደበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤ ይጠብቀዋል። ግቢ ጉባኤያትን በማስተባበር የሚታወቀው ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ አነሣሡ በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ከሄዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር የተያያዘ ነው። ወጣቱ በግቢ ጉባኤ ብዙ ይማራል፤ ያስተባብራል፤ ይመራል። ይሁን እንጂ ሲመረቅ ሥራ የሚያገኘው በሦስተኛ ከተማ ሊሆን ይችላል። ያሳደገው አጥቢያ የብስለቱን ፍሬ አያይም፤ የተቀበለው አጥቢያ ደግሞ አያውቀውም።

ሦስተኛው የኑሮ ጫና ነው። በግል ድርጅት ተቀጥሮ ቅዳሜን፣ አንዳንዴም እሑድን የሚሠራ፣ ወይም የማታ ትምህርት የሚከታተል ወጣት ለስብሰባና ለልምምድ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ትዳር ሲይዝና ልጅ ሲወልድ ይበልጥ ያጥራል።

እነዚህ ሦስቱ ከመሪው ፈቃድ ውጪ ናቸው። አራተኛው ግን ከውስጥ የሚመነጭ፣ ብዙም ያልተመረመረም ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ሥራው «አገልግሎት»፣ ሠራተኛውም «አገልጋይ» ይባላል። ቃሉ ክቡር ነው፤ ሥራው ከደመወዝና ከሹመት በላይ መሆኑን ያስታውሳል። ነገር ግን የአገልግሎት ቋንቋ ለመግባት እንጂ ለመውጣት አልተዘጋጀም። አንድ ወጣት ሲጀምር «አገልግሎት ጀመረ» ተብሎ ይመሰገናል፤ ሲያቆም ግን «አገልግሎት ተወ»፣ «ቀዘቀዘ»፣ «ጠፋ» ይባላል። ተራውን ጨርሶ ለሌላ ያስረከበውና ደክሞት የቀረው በአንድ ቃል ይጠራሉ። በዚህ ምክንያት ጠንካራው መሪ መውጣቱን እንደ ውድቀት እያየ እስከ መጨረሻው ቀን ኃላፊነቱን ይዞ ይቆያል፤ ሊወጣ መሆኑን አስቀድሞ ስለማይናገር ተተኪም አያዘጋጅም። አንድ ቀን ምደባው ወይም ሥራው ሲያስገድደው ባዶ ቦታ ጥሎ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ የዕድሜ ገደቡን አልፎም ወንበሩን አይለቅም፤ ከሥሩ ያሉትም ዕድል አጥተው ይበተናሉ። ቦታው ባዶ መቅረቱና ወንበሩ አለመለቀቁ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ በክብር የመውጫ በር አለመኖሩ።

4. በአብነት ትምህርት ቤት መውጣት እንዴት ይከበር ነበር?

የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት በዚህ ረገድ የተለየ ነው። በአብነት ትምህርት ተማሪ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉን አይማርም። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋስዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ወደ ሰለልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ይሄዳል። ከአንዱ መምህር ተለይቶ ወደ ሌላው መሄድ የትምህርቱ አካል እንጂ ክህደት አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ የሚለየው ተመርቆ ነው፤ መምህሩም የሚከበሩት ባስቀሩት ተማሪ ብዛት ሳይሆን አስተምረው ባሰናበቱትና በሌላ ቦታ ወንበር ዘርግቶ ባስተማረ ተማሪ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው በጉባኤ ቤቱ የውስጥ አሠራር ነው። አንድ መምህር በርካታ ተማሪዎችን ብቻቸውን አያስተምሩም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ በቅኔ ቤት አስነጋሪው ከመምህሩ ቀጥሎ ጀማሪዎቹን ያሠለጥናል። አስነጋሪው በዚያው ጊዜ ራሱ ተማሪ ነው። ማስተማር የሚጀመረው ትምህርት ከተጠናቀቀ በኋላ ሳይሆን በትምህርቱ መካከል ነው፤ ሲያስተምርም የሳተውን መምህሩ ያርሙታል። በዚህ አሠራር መምህሩ በሞት ወይም በሕመም ቢለዩ ጉባኤው በአንድ ቀን አይፈታም፤ ቀጣዩ ቀድሞውኑ በሥራ ላይ ነውና።

ዣን ሌቭና ኤቴን ዌንገር በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራቸው ሙያ የሚለመደው ጀማሪው በሙያው ማኅበረሰብ ዳር ቆሞ ትንሽ ግን እውነተኛ ሥራ እየሠራ ወደ መሐል ሲገባ መሆኑን አስረድተዋል። ከምሳሌዎቻቸው መካከል ልብስ ሰፊዎችና አዋላጆች ይገኛሉ። የአስነጋሪው ሥፍራ በዚህ ማብራሪያ በሚገባ ይገለጻል፤ ጀማሪው የተሰጠው ሥራ ትንሽ ይሁን እንጂ የውሸት አይደለም፤ ካልሠራው የሚጎድል ነገር አለ።

ዘመናዊው ሰንበት ትምህርት ቤት አደረጃጀቱን በአብዛኛው የወሰደው ከዘመናዊው ማኅበር ነው፤ ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም፣ የትምህርት ክፍል፣ የመዝሙር ክፍል፣ የአባላት ክትትል ክፍልና የመሳሰሉት አሉት። ይህ አደረጃጀት ለሒሳብና ለተጠያቂነት ይበጃል። ሆኖም ምርጫ ሲደርስ ሰው ከመምረጥ በቀር ለምርጫው የሚበቃ ሰው እንዴት እንደሚገኝ አይናገርም። ይህን የሚናገረው የአብነቱ ልማድ ነው።

5. የግብጽ ተሞክሮ

የግብጽ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተሞክሮ ለንጽጽር ይጠቅማል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሐቢብ ጊርጊስ (1876–1951 እ.ኤ.አ.) የተባሉ ምእመን መምህር የሰንበት ትምህርት ቤቶችን እንቅስቃሴ አስፋፉ። ከእንቅስቃሴው ፍሬዎች አንዱ ናዚር ጋይድ የተባለ ወጣት ሲሆን የሰንበት ትምህርት ቤቶች መጽሔት አዘጋጅ ነበር። በኋላ መንኩሶ በ1962 እ.ኤ.አ. የክርስቲያናዊ ትምህርት ጉዳይ ጳጳስ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሣልሳዊ ሺኖዳ ተብሎ ፓትርያርክ ሆነ።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከታላላቆቹ ስሞች ይልቅ አንድ ተራ አሠራር ይበልጥ ይጠቅማል። በግብጽ አጥቢያዎች ልጆችን ለማስተማር የሚፈልግ ወጣት በቀጥታ ክፍል አይሰጠውም፤ አስቀድሞ በአገልጋዮች ማዘጋጃ ትምህርት ያልፋል። በዚያም ትምህርተ ሃይማኖትን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክን፣ ሥርዓትንና ልጆችን የማስተማር ዘዴን ይማራል፤ ከነባር አገልጋይ ጋር ሆኖም ይለማመዳል። ስለዚህ በየአጥቢያው ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ አለ፤ የሚማሩ ልጆች፣ የሚዘጋጁ ወጣቶችና የሚያገለግሉ መሪዎች። መካከለኛው ትውልድ ካለ የመሪ መሄድ አደጋ አይሆንም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሐሳብ በተግባር የተፈተነበት ጊዜ አለ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩና ያሠለጥኑ ነበር። ብፁዕነታቸው በ1982 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ሥራውን በየፊናቸው ቀጠሉ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ለተነሣው የወጣቶች እንቅስቃሴም መሠረት ከሆኑት መካከል ነበሩ። የአንድ መምህር ሥራ ከመምህሩ ሕይወት በላይ የቆየው መምህሩ ሳሉ የሚያስተምሩ ተማሪዎች ስለነበሩ ነው።

6. ቅብብሉ በተግባር

ከላይ የተዘረዘሩት ሐሳቦች በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ላይ ሲውሉ የሚከተለውን መልክ ሊይዙ ይችላሉ።

ሀ) እያንዳንዱ ኃላፊነት ሁለት ሰው ይኑረው። ይህ ማለት ስሙ ብቻ የተጻፈ ምክትል ማስቀመጥ አይደለም። የትምህርት ክፍል ተጠሪው በዓመቱ መጀመሪያ የዓመቱን መርሐ ግብር ሲያወጣ ተከታዩ አብሮት ያውጣ፤ በዓመቱ አጋማሽ ደግሞ ተከታዩ ያዘጋጅ፣ ተጠሪው ያርም። በመዝሙር ክፍልም እንዲሁ ነው። ከበሮ በጽሑፍ አይለመድም፤ ጀማሪው ከመቺው አጠገብ ቆሞ በጭብጨባ ምቱን ይይዛል፤ በልምምድ ቀን ይሞክራል፤ በአነስተኛ መርሐ ግብር ይመታል፤ በመጨረሻ ለንግሥ ይቆማል። ጥሩ መቺ ከበሮውን ለልምምድ እንኳ ለሌላ የማይለቅ ከሆነ ክፍሉ ያለው አንድ ከበሮ መቺ ብቻ ነው።

ለ) ታናናሾቹ እውነተኛ ሥራ ይሰጣቸው። የ15 ዓመት ልጅ በሕፃናት ክፍል ረዳት ሆና ስም መጥራት፣ የቀሩትን መዝግቦ ለክትትል ክፍል ማሳወቅ፣ አንዲት አጭር ታሪክ መተረክ ትችላለች። ሥራው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እርሷ ባትመዘግብ የቀረው ሕፃን አይጠየቅም። የዩኒቨርሲቲ ምደባ 18 ወይም 19 ዓመት ላይ የሚመጣ ከሆነ ዝግጅቱ ከ15 ዓመት መዘግየት የለበትም።

ሐ) የሚጻፍ ነገር ይጻፍ። መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ የገቢና የወጪ ደብተር፣ የመዝሙር ጥራዝ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ ማኅተምና ቁልፍ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ንብረቶች ናቸው። በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ዝርዝር ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል። ርክክብ በቃለ ጉባኤ፣ በሁለቱም ወገን ፊርማና በሰበካ ጉባኤው ወኪል ፊት ቢከናወን በኋላ ለሚነሣ የሒሳብ ጥያቄ መልስ ይሆናል፤ ለሚወጣው መሪም የስሙ መጠበቂያ ነው።

መ) መውጫው ይከበር። ዘመኑን ጨርሶ ወይም በምደባ ምክንያት የሚሄድ አገልጋይ በጉባኤ ፊት ያስረክብ፤ በካህናቱም ይመረቅ። ይህ ወጪ የለውም። ነገር ግን በስፍራው የተቀመጡት ልጆች መሪ መሆን ማለት እስከ መጨረሻው ወንበር መያዝ ሳይሆን በሰዓቱ ለሌላ ማሳለፍ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። ለሚሄደው ወጣትም ወደሚደርስበት ግቢ ጉባኤ ወይም አጥቢያ የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ቢጻፍለት ከአንዱ ቤት የወጣው በሌላው ቤት እንግዳ አይሆንም።

የእነዚህ ነጥቦች ፋይዳ በትልልቅ በዓላት ጊዜ ይታያል። በከተራና በጥምቀት በአዲስ አበባ ወጣቶች ታቦታቱ በሚያልፉበት ጎዳና ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት እየሮጡ ዳግም ይዘረጋሉ። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ሁሉን የሚያዝዝ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከፊትም ከኋላም ሊገኝ አይችልም። ሥራው የሚሳካው የኋላው ቡድን የፊቱን ሳይጠይቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያውቅ ነው። ይህ ዕውቀት በጥር 10 ቀን ጠዋት በሚሰጥ ማስታወቂያ አይገኝም፤ በዓመቱ ሙሉ ትንንሽ ኃላፊነት ሲለማመዱ በቆዩ ወጣቶች ዘንድ ይገኛል።

7. ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ተተኪ ማፍራት ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ማክስ ቬበር በግለሰብ ጸጋ ላይ የቆመ አመራር ወደ ቋሚ አሠራር ሲለወጥ የመጀመሪያው ግለት ሊበርድ እንደሚችል አስተውሎ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤትም ቅጽና ቃለ ጉባኤ ሲበዙ ጸሎቱና ወንድማዊ ፍቅሩ ከኋላ እንዳይቀሩ መጠንቀቅ ያሻል። ደግሞም ነባሩ መሪ ተተኪውን ብቻውን የሚመርጥ ከሆነ ቅብብሉ የጓደኛሞች ቅብብል ይሆናል፤ ስለዚህ ማዘጋጀቱ የመሪው፣ መምረጡ የጉባኤው፣ ማጽደቁ የአጥቢያው አባቶች ቢሆን ይሻላል።

የእኅቶች ጉዳይም ተለይቶ መታየት አለበት። የአብነት ትምህርት ቤት በአብዛኛው የወንዶች ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ግን እኅቶችንና ወንድሞችን በአንድ ጉባኤ አስቀምጧል። በመዝሙርና በሕፃናት ክፍል ዋናውን ሥራ የሚሠሩት እኅቶች በሆኑበት አጥቢያ ለሰብሳቢነት የሚዘጋጀው ሰው ሁልጊዜ ወንድ ብቻ ከሆነ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ካለው አቅም ግማሹን አልተጠቀመም።

በውጭ አገር ባሉ አጥቢያዎች ደግሞ ጥያቄው የቋንቋ መልክ ይይዛል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የተወለዱ ልጆች መዝሙሩን በላቲን ፊደል ተጽፎላቸው ያጠናሉ፤ ትምህርቱን የሚረዱት ግን በሚማሩበት አገር ቋንቋ ነው። አገር ቤት ያደጉት መምህራን ዕድሜያቸው ሲገፋ ሊተኳቸው የሚችሉት ሁለቱንም ቋንቋ የያዙት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ናቸው። እነርሱ በጊዜ ካልተዘጋጁ ቀጣዮቹ ሕፃናት ቃሉን የሚፈታላቸው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት አያገኙም።

ማጠቃለያ

የሰንበት ትምህርት ቤት መሪ ጥንካሬ ብዙ ጊዜ የሚለካው በዘመኑ በተሠራው ሥራ ነው፤ በተካሄደው ጉባኤ፣ በወጣው መዝሙር፣ በተሰበሰበው ሕዝብ። ይህ መለኪያ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መሪው በሄደ በሚቀጥለው ሰንበት ይታያል፤ አዳራሹ በሰዓቱ ተከፍቶ፣ የሕፃናቱ ስም ተጠርቶ፣ የቀረው ተጠይቆ፣ መዝሙሩ ተነሥቶ እንደሆነ መሪው ሥራውን ፈጽሟል። የዕድሜ ገደቡን፣ ምደባውንና የኑሮውን ጫና አንድ አጥቢያ ሊያስቀራቸው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ከእነርሱ ቀድሞ መዘጋጀት፣ የሚወጣውንም ሰው እንደ ጠፋ ሳይሆን እንደ ተመረቀ መሸኘት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን በአብነት ትምህርት ቤቶቿ ስታደርገው ኖራለች፤ ከቀደምት ሰንበት ትምህርት ቤቶች አንዱም «ተምሮ ማስተማር» የሚለውን ስም የያዘው በዚሁ መንገድ ነው። ዘርፉን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ከዚህ የሚከተል ጥያቄ አለ፦ በየአጥቢያው ያሉ የርክክብ ሰነዶችና የአባላት መዛግብት ተሰብስበው ቢመረመሩ የትኞቹ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ትውልድ እንዳሻገሩ፣ የትኞቹም ከአንድ ሰው ጋር እንደ ተቋረጡ ማየት ይቻላል። ይህም ስለ ወጣቶች አመራር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ ላሉ ማኅበራትም የሚጠቅም ዕውቀት ይሆናል።